ያልተቀመጥኩበት ለቅሶ

ለአዲስ ወንጀል መርማሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው ከተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወጣት መርማሪዎች፣ ከጎናቸው የተቀመጣችሁ ባለቤቶች፣ ወላጆችና ልጆች፤ ዛሬ ቤተሰብም እንዲገኝ አዘጋጆቹን የለመንኩት እኔ ነኝ። ስለ ጣት አሻራ፣ ስለ አስከሬን ምርመራ፣ ስለ ኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት ስለሚያዝ ዕቃ፣ አያያዝ የሚያስተምሯችሁ ከእኔ የበለጡ ባለሙያዎች አሉ። እኔ ልነግራችሁ የመጣሁት የግድያ መዝገብ በእጃችሁ በገባበት ሰሞን ቤታችሁ ውስጥ የሚሆነውን ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር።

አንድ መዝገብ ላንሣ። የሟቹንም የገዳዩንም ስም አልጠራም፤ የሁለቱም ወላጆች ዛሬም አንድ አገር፣ አንድ ገበያ ይውላሉ። ጊዜው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ አንድ ማለዳ የአንድ ወጣት አስከሬን ቦይ ውስጥ ተገኘ። ልጁ ሸማኔ ነው። ሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ሸማኔዎች ተሰባስበው የሚኖሩበት ሰፈር መሆኑን ታውቃላችሁ። ይህም ልጅ ከአገሩ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ቀን እዚያው ይሸምናል፣ ማታ እዚያው ይተኛል።

ወደ ክፍሉ ስገባ አብረውት የሚኖሩት ልጆች በር ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። እኔ ዓይኔ የሄደው ወደ ሸማው ነው። ድሩ እንደተወጠረ ነው። የጥበቡ ጠርዝ ግማሽ ላይ ቆሟል፤ ቀዩ አልቆ አረንጓዴው ገና ተጀምሯል። መወርወሪያው በድሩ መካከል ማጉን እንደያዘ ተጋድሟል። የሰፈሩን አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አስጠርቼ ምን እንደሚያዩ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ «ለማታ ሥራውን ያቆመ ሰው መወርወሪያውን አውጥቶ ያስቀምጣል፤ ሸማውንም አቧራ እንዳይገባው ይሸፍናል። ይህ ልጅ ‘መጣሁ’ ብሎ ነው የወጣው» አሉኝ።

በዚያች ዓረፍተ ነገር ግማሽ ምርመራው አለቀ። ልጁን በሌሊት የጠራው የሚያውቀው ሰው ነው፤ የጠራውም ለአጭር ጉዳይ ነው። ቀጥሎ በዚያው ሳምንት ዕቁብ ወጥቶለት እንደነበር ሰማን። ዕቁቡ ለማን እንደወጣ የሚያውቁት ደግሞ ዕቁብተኞቹ ብቻ ናቸው። በእኔ እጅ ካለፉት መዝገቦች አብዛኞቹ እንዲህ ነበሩ፤ ገዳይና ሟች አንድ ማዕድ የቀረቡ ሰዎች ናቸው። ይህን ደጋግሞ ማየት ሰውን ምን እንደሚያደርገው በኋላ እመለስበታለሁ።

መርዶውን ልንገራችሁ። የልጁ እናት ጋሞ ደጋ ናት። በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው፤ ሰው ሞቶበት ያልሰማን ሰው በጠራራ ፀሐይ አንኳኩተው «ልጅህ ሞቷል» አይሉትም። ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሊነጋጋ ሲል ይነገራል፤ የሚይዝ፣ የሚያቅፍ፣ ውኃ የሚያቀብል ሰው በዙሪያው ይቆማል። የልጁ ዘመዶችም እጄን ይዘው ለመኑኝ። «ታሟል ብለን እናመጣታለን፤ እዚህ ስትደርስ እኛው እንነግራታለን። እባክህ ፖሊስ አይደውልላት» አሉኝ። እኔ የእናትየውን ቃል እፈልግ ነበር፤ ልጁ ከማን ጋር ተጣልቶ እንደነበር፣ ገንዘብ ለማን እንዳበደረ የምትነግረኝ እሷ ናት ብዬ አምን ነበር። ሆኖም ጠበቅኩ። ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ ዛሬም የማልጸጸትበት አንዱ ያ መጠበቅ ነው።

ሌሊቱ ሲነጋጋ ነገሯት። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ደግፈዋት ወደ ክፍሉ ገባች፤ ከሽመናው ጉድጓድ አፍ ላይ፣ ልጇ እግሩን ሰድዶ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ተቀመጠች። እጇን ግማሽ በቀረው ሸማ ላይ አሳረፈች። አማርኛዋ ጥቂት ስለነበር አንድ ዘመዷ አስተረጎመልኝ፤ «ቆርጣችሁ ስጡኝ፣ ይዤው ልሂድ» ነበር ያለችው። ሸማው በኤግዚቢትነት ተመዝግቧል። እንደማይቻል ነገርኳት። ምንም አልመለሰችም። ያንን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ እራት ሳልበላ ተኛሁ፤ ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ «ምንም» አልኳት።

«ምንም» የምትለዋን ቃል አደራ ብያችኋለሁ፣ ተጠንቀቋት። የምርመራ ምስጢር መጠበቅ ግዴታችን ነው፤ የምስክር ስም፣ የተጠርጣሪ ቃል ከቢሮ አይወጣም። እኔ ግን ምስጢሩን ስጠብቅ አብሬ ራሴን ቆለፍኩት። «ዛሬ አንዲት እናት አይቼ ልቤ ተሰብሯል» ብል የየትኛው መዝገብ ምስጢር ይወጣ ነበር? ባለቤቴ ከዓመታት በኋላ እንዲህ አለችኝ፤ «ሬሳ ያየህበትን ቀን ሳትነግረኝም አውቃለሁ። እጅህን ሦስት ጊዜ ትታጠባለህ፣ ከዚያ ልጆቹን ሳትስም ትቀመጣለህ።» ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ምልክት ስታነበኝ ኖራለች። እኔ ነኝ እንግዲህ ሰው አንባቢው።

አሁን ስለ ጊዜ ልናገር፤ ቤተሰቦች በተለይ ስሙኝ። ያኔ እንሠራበት የነበረው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛሉ። ምርመራው ካላለቀ መርማሪው ተጠርጣሪው ታስሮ እንዲቆይ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት ዳኛው በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅዱም። ትክክለኛ ሕግ ነው፤ ማስረጃ ያልተገኘበት ሰው ታስሮ መክረም የለበትም። ግን ተጠርጣሪ ከተያዘባት ሰዓት ጀምሮ የመርማሪው ቤት የቀን መቁጠሪያ በአሥራ አራት አሥራ አራት ይከፈላል። ክርስትናው፣ ልደቱ፣ የወላጆች ስብሰባው ሁሉ «ከቀጠሮው በፊት ነው፣ በኋላ?» ይባላል።

በዚያ ላይ ምስክር አለ። ያኔ ሽሮ ሜዳ ቦይ ዳር ካሜራ የሰቀለ ሰው የለም። ማስረጃችን የሰው ዓይን ነው። ያ ሰው ደግሞ ቀን ሥራ ላይ ነው፤ የሚገኘው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ወይም ንጋት ላይ ነው። ስለዚህ እኛ የምንሠራው ልጆቻችን ቤት ባሉበት ሰዓት ነው።

አያቴ ስለ አፈርሳታ ይነግረን ነበር። በድሮው ዘመን ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲሰረቅ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም፤ የቀረ ሰው ይቀጣል። አውጫጭኝም ይሉታል። ንጹሑም ጥፋተኛውም አብሮ ይንገላታበት ስለነበር ይመለስ የምለው ሥርዓት አይደለም። አንድ ነገሩ ግን ልቤን ይነካዋል። ያኔ የአንድ ሰው ደም የአገር ሁሉ ሥራ ነበር፤ ሁሉም አብሮ ከቤቱ ይርቃል፣ ሁሉም አብሮ ይመለሳል። ዛሬ ያ ሜዳ አንድ ቢሮ ውስጥ ገብቶ አንድ ሰው ትከሻ ላይ ወድቋል።

መዝገቡ ደግሞ «ማን ገደለ?» በሚል ጥያቄ ብቻ አያበቃም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ ነው፤ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት። በብርቱ ስሜት ተገፍቶ የገደለ ሰው ደግሞ በ541 ቅጣቱ እጅግ ይቀላል። ስለዚህ ገዳዩ ቢላዋውን ከቤቱ ይዞ ወጣ ወይስ እዚያው አነሣ? አስቦበት ነው ወይስ ጠብ ተነሥቶ? በእናንተ መልስ ላይ የሰው ዕድሜ ተንጠልጥሏል። ይህ ጥያቄ አልጋ ድረስ ይከተላል፤ እህል ስትቆርሱ አብሮ ይቀርባል። አባታችሁ ዓይኑ እናንተ ላይ ሆኖ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሲሆን ያያችሁት ልጆች፣ የነበረበት ቦታ ያ ነው።

ቅድም ወደ ገታሁት ልመለስ። ገዳዩን ሁልጊዜ በወዳጅ መካከል መፈለግ የለመደ ሰው ወዳጆቹን ማመን ያቅተዋል። ሴት ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ሳለ ከትምህርት ቤት አንድ ሰዓት ዘግይታ መጣች። ከወንበሬ አልተነሣሁም። «ስንት ሰዓት ወጣችሁ? በየት በኩል መጣሽ? ከማን ጋር? ማን አይቶሻል?» አልኳት። መለሰችልኝ። ትንሽ ቆይቼ ያንኑ ጥያቄ ገልብጬ ጠየቅኳት፤ ምስክር የሚዋሽ ሲመስለን እንደምናደርገው። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና «አባዬ፣ ቃሌን እየተቀበልክ ነው?» አለች። ተጠርጣሪ እንኳን ቢሮዬ ሲገባ የመናገር ግዴታ እንደሌለበት፣ የሚናገረውም ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል እነግረዋለሁ፤ ሕጉ ያዛል። ለነፍሰ ገዳይ የምሰጠውን መብት ለልጄ አልሰጠኋትም ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም አትነግረኝም ነበር። ዝምታዋን ራሴ ነኝ ያመጣሁት።

ዘመድም አለ። «ልጃችን ታስሯል፣ ያንተው ጓደኞች ናቸው የያዙት፣ አንድ ቃል ብትናገር ምን አለበት» ብሎ የሚመጣ አጎት፣ የአጎት ልጅ፣ የሠፈር ሽማግሌ አይጠፋም። አንዱ እናቴን ይዞ መጣብኝ። የሰው ግድያ ክስ በዕርቅ አይዘጋም፤ ሽማግሌ ደም ሊያደርቅ፣ ካሳ ሊያስከፍል ይችላል፣ መዝገቡ ግን የመንግሥት ነው። ይህን ለእናቴ ማስረዳት ከባድ ነበር። «ዘመድ የማያውቅ» ተባልኩ። በዚህ ጉዳይ ዛሬም አቋሜ አልተለወጠም፤ ዘመድ ይቆጣ። ያልተገባ ውለታ ካለመዋል የተነሣ የሚመጣ ቅያሜ ቀላል ነው፣ ያልፋል። የማያልፈው ሌላው ነው።

እቴቴ የምንላት የአባታችን እህት ነበረች። እናታችን ከተማ ስትሠራ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ደብረ ብርሃን ያሳደገችን እሷ ናት። በብርድ ሌሊት እግራችንን በጭኗ መሐል አድርጋ ታሞቅ ነበር። የሸማኔው ምርመራ ሁለተኛው የጊዜ ቀጠሮ በአሥራ አንደኛው ቀኑ፣ ማለዳ፣ ወንድሜ ደወለ። እቴቴ ሌሊቱን አርፋለች።

ሦስት ቀን ቀርቶኛል። ተጠርጣሪው ተይዟል፤ ለፍርድ ቤትም ቃሉን ሰጥቷል። የሚቀረኝ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። በዚያች ሌሊት ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ አይቻለሁ ብሎ ለሰው ተናግሯል፤ በማግስቱ ደግሞ ለተዝካር ጎጃም ሊሄድ ነው። አብራኝ የምትሠራ ሳጅን ነበረች። ፊቴን አይታ፣ «አንተ ሂድ፤ ቃሉን እኔ እቀበለዋለሁ» አለችኝ። ጎበዝ መርማሪ ነች። እምቢ አልኳት። ምክንያት ብዬ የሰጠኋት፣ መዝገቡን ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ማንም አያውቀውም ነበር። ግማሹ በኪሴ ደብተር፣ ግማሹ በጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። እንዲህ ያደረግኩት ራሴ ነኝ። መዝገቡ የእኔ ብቻ ሲሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን ዛሬ በግልጽ ልናገረው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት። የደረስኩት ከቀብር በኋላ ነው። የእድሩ ድንኳን ውስጥ ገብቼ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ወንድሜ አጠገቤ ነበር። የዘገየሁበትን ሊገባው ይችላል ብዬ ስለዚያች እናትና ስለ ግማሹ ሸማ ነገርኩት፤ ስም ሳልጠራ። ሰምቶኝ ዝም አለ። ሰልስት ሳይወጣ፣ በዚያው ማታ፣ ለመመለስ ስነሣ ከድንኳኑ ውጭ ተከትሎኝ ወጣ። «ለሰው ለቅሶ ሦስት ቀን ቆመሃል። ለእቴቴ አንድ ሌሊት አጣህ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የሸማኔዎቹ ለቅሶ ላይ ሦስቱንም ቀን ነበርኩ፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን ከልቡ እንዳለቀሰ ለማየት። ከዚያ ማታ በኋላ ወንድሜ ለስድስት ዓመት አላናገረኝም። ቤተሰባችንም ለሁለት ተከፈለ፤ በበዓል ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ እዚያ ትሄዳለች፣ እኔ «ሥራ አለኝ» እላለሁ።

በእነዚያ ዓመታት ራሴን ያጽናናሁት፣ የዘበኛው ቃል ባይኖር መዝገቡ ይወድቅ ነበር፣ የዚያች እናት ልጅ ደም ሜዳ ላይ ይቀር ነበር በሚል ነው። አንድ ቀን ለሥልጠና ምሳሌ የሚሆን መዝገብ ስፈልግ ያንኑ አወጣሁና ከክሱ እስከ ፍርዱ አነበብኩት። ተከሳሹ ጥፋተኛ ተብሏል። ዐቃቤ ሕግ የቆጠራቸውን ምስክሮች ዝርዝር በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ዘበኛው የለም። አላስፈለገም። ሽማግሌው ሸማኔ አሉ፣ የዕቁቡ ጸሐፊ አለ፣ የአስከሬን ምርመራ ውጤቱ ከዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። እኔ የእቴቴን ለቅሶ የሸጥኩበት ቃል ፍርድ ቤት ደጃፍ አልደረሰም።

ይህን ስነግራችሁ ምርመራችሁን ችላ በሉ ማለቴ አይደለም። የትኛው ምስክር እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ዛሬም ያንን ዘበኛ ሳይጠየቅ ሂድ አልለውም። የምለው ሌላ ነው። ቃሉን ሳጅኗ ትቀበለው ነበር። ለአንድ የግድያ መዝገብ ሁለት መርማሪ ይመደብ፤ ሁለቱም እኩል ይወቁት። ሕጉ የምርመራ ማስታወሻ በየዕለቱ እንዲጻፍ የሚያዘው ለዚህም ይጠቅማል፤ የተሠራውን ብቻ ሳይሆን ነገ የሚሠራውንም ጻፉበት፣ ሌላ ሰው ሊያነበው በሚችል እጅ ጻፉ። ማታ ከመሄዳችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፤ ዛሬ ሌሊት ስልክ ቢደወልልኝ ይህን መዝገብ ማን ይቀጥለዋል? መልሱ «ማንም» ከሆነ መዝገቡም አደጋ ላይ ነው፣ ቤታችሁም። አለቆችም እዚህ አላችሁ፤ ለመርማሪ የለቅሶ ፈቃድ ስትሰጡ ተተኪውን አብራችሁ ስጡ። ያለ ተተኪ የተሰጠ ፈቃድ፣ መርማሪው ስልኩን እያየ የሚቀመጥበት ለቅሶ ነው።

ቤተሰቦችም ጠይቁን። «ምንም» ስንላችሁ አትለፉን። የመዝገቡን ነገር አትጠይቁ፤ «ዛሬ ከብዶህ ነበር?» በሉ። ሚስቴ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ከጀመረች በኋላ ነው እኔ መናገር የተማርኩት፤ ሴት ልጄም ቀስ በቀስ ተመለሰችልኝ። ዛሬ እዚህ ያመጣችኝ እሷ ናት፤ መኪናውን የነዳችው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው።

መዝገቡን ባነበብኩበት ሳምንት ቅዳሜ ወደ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ሳልደውል ነው የሄድኩት፤ ብደውል አያነሣም። የወንድሜ ሚስት በሩን ከፍታ አይታኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ጠቆመችኝ። ጋሼ ከኮባው ሥር ተቀምጦ የሬዲዮ ባትሪ ይቀይራል። ከፊቱ ቆምኩ። «ጋሼ፣ ዘበኛው አላስፈለገም ነበር» አልኩት። ሌላ ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር፤ ጠፋብኝ።

ባትሪውን አስገብቶ ክዳኑን ዘጋ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ያ ሸማ» አለኝ፣ «ለእናትየው ተመለሰላት?»

ከፍርዱ በኋላ ፍርድ ቤቱ ኤግዚቢቱ እንዲመለስ አዝዞ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ለዘመዷ አስረክቤው፣ አስፈርሜ ነበር። «ተመልሶላታል» አልኩት።

ጎኑ ያለውን ዱካ በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገና «ተቀመጥ» አለኝ።